ልጆችን ቤት ስታስተምሩ ቀኑን እንዴት ትይዙታላችሁ?

ትንንሽ ልጆችን ቤት ለማስተማር የወሰነ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሠራው የሰዓት ሰሌዳ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ንባብ፣ ሦስት ሰዓት ሒሳብ፣ ሦስት ተኩል ጽሕፈት፣ ከዛ እረፍት። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሰኞ ጠዋት ትንሿ ልጅ ልብሷ ላይ ውሃ ትደፋለች፣ የትልቁ ካልሲ አንዱ ይጠፋል፣ ስልክ ይጮሃል፣ ሳይታሰብ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ትምህርቱ ገና ሳይጀመር "ረፈደብን" የሚል ጭንቀት ቤቱን ይሞላዋል። ወላጅ ይጣደፋል፣ ልጆቹ ደግሞ የተጣደፈ ሰው ሲያዩ ይብስባቸዋል።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፦ ሰዓቱን ተዉት፣ ተራውን ያዙ። ምን ከምን በኋላ እንደሚመጣ ቤቱ በሙሉ ይወቅ፤ በስንት ሰዓት የሚለው ከፍ ዝቅ ቢል ግድ የለም። ቁርስ፣ ከቁርስ በኋላ ዕቃ ማንሳት፣ ከዛ ትምህርት፣ ከዛ ውጪ መውጣት፣ ከዛ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ የጸጥታ ሰዓት። የ4 ወይም የ5 ዓመት ልጅ ሰዓት አያነብም። "ከቁርስ በኋላ" ሲባል ግን በደንብ ይገባዋል። ቁርስ ቢዘገይ ሌላውም አብሮት ይዘገያል እንጂ ቀኑ አይበላሽም። ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ልጅ በየደቂቃው "አሁን ምን ልናደርግ ነው?" እያለ አይደራደራችሁም። ተራው ራሱ ያዝዘዋልና እናንተ ከማዘዝ ትገላገላላችሁ።

ተራው ልጁ ውስጥ እስኪገባ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል። በነዚህ ሳምንታት አትለዋውጡት። ዛሬ ትምህርት ከቁርስ በኋላ፣ ነገ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ልጁ የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

ከመጀመራችሁ በፊት

የምትኖሩበትን ሀገር ሕግ አጣሩ። ይሄ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ልጅን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ቤት ማስተማር በሕግ ያስጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ በ50ዎቹም ግዛቶች ይፈቀዳል፤ ሆኖም አንዱ ግዛት ዕቅድ፣ ሪፖርትና ፈተና ሲጠይቅ ሌላው ከነጭራሹ ምንም አይጠይቅም። ሕጉ ምንም ይበል ምን አንድ ፋይል ይኑራችሁ። ልጁ የጻፈውን፣ የሳለውን፣ የቆጠረውን ወረቀት ቀን እየጻፋችሁበት አስቀምጡ። ሁሉንም አይደለም፣ በሳምንት አንድ ሁለት ይበቃል። ከጥቂት ወራት በኋላ "ምንም አልተማረም" የሚል ስጋት ሲይዛችሁ ፋይሉን ከፍታችሁ ማየት ነው።

ልጁ ትምህርት ቤት ቆይቶ የወጣ ከሆነ ደግሞ በማግስቱ መጽሐፍ አትዘርጉበት። መጀመሪያ ይረፍ። እየተጫወተ፣ ተረት እየሰማ፣ ከእናንተ ጋር ወዲያ ወዲህ እያለ የቤቱን ተራ ብቻ ይልመድ፤ ትምህርቱ ቀስ ብሎ ይገባል።

ትምህርቱ አጭር ይሁን

ብዙ ወላጅ የሚፈራው "በቂ ሰዓት አላስተማርኩም" የሚለውን ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ሰዓቱ ሁሉ ትምህርት አይደለም። ሰልፍ አለ፣ ስም ጥሪ አለ፣ ሌላው ልጅ እስኪጨርስ መጠበቅ አለ። ቤት ውስጥ እናንተና ልጁ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ የምታሳልፉት አሥር ደቂቃ ሙሉ ለሙሉ የሱ ነው። ብሪታንያዊቷ የትምህርት ሰው ሻርሎት ሜሰን (1842–1923 እ.ኤ.አ.) ለትንንሽ ልጆች አንድ ትምህርት ከ20 ደቂቃ እንዳይበልጥ ትመክር ነበር። እኔ ለ5 ዓመት ልጅ 20ውም ይበዛል እላለሁ። አሥር ደቂቃ ፊደል፣ አሥር ደቂቃ ቁጥር፣ ከዛ ተረት። በቃ። ለ7 እና ለ8 ዓመት ልጅ ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ቢሆን ይበቃል። ዘገየን ብላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ ደግሞ፣ ፊንላንድ ውስጥ ልጆች አንደኛ ክፍል የሚገቡት 7 ዓመት በሚሞላቸው ዓመት ነው።

ትምህርቱን ልጁ ገና ደስ እያለው አቁሙት። ይሄ ከባድ ነው፣ ልጁ ሲቀናው እኛም "አንድ ገጽ ብቻ እንጨምር" እንላለን። አትጨምሩ። ነገ ፈልጎ እንዲመጣ የሚያደርገው ዛሬ ሳይሰለቸው መነሳቱ ነው።

ፊደል ላይ ትንሽ ልቆይ። ገበታው 33 ረድፍ ነው፣ እያንዳንዱ ረድፍ 7 ቅርጽ፣ በድምሩ 231። ይህን ሁሉ ልጁ ፊት ዘርግቶ "ሀ ሁ ሂ" እያሉ በዜማ ማስባል ልጁን ዜማውን እንጂ ፊደሉን አያስይዘውም። መሀል ላይ አንዱን ጠቁማችሁ "ይሄስ?" ብትሉት ከመጀመሪያው እየዘመረ ካልመጣ አይደርስበትም። ከዚህ ይልቅ በ"ለ"፣ በ"በ"፣ በ"ሰ" እና በ"ከ" ጀምሩ። የነሱ ለውጥ ሥርዓት አለው። ካዕቡ ላይ ወገቡ አጠገብ በቀኝ በኩል ጭረት ትወጣለች፦ ሉ፣ ቡ፣ ሱ፣ ኩ። ሣልሱ ላይ ያቺው ጭረት እግር ላይ ትወርዳለች፦ ሊ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኪ። ኃምሱ ላይ ደግሞ እዛው እግር ላይ ቀለበት ትሆናለች፦ ሌ፣ ቤ፣ ሴ፣ ኬ። ይህን በጣታችሁ እየነካችሁ አሳዩት። ከሳምንታት በኋላ "ደ"ን ብቻ አስተዋውቁትና "ዴ"ን ጽፋችሁ ዝም በሉ። ቀለበቷን አይቶ፣ ትንሽ አስቦ፣ ራሱ "ዴ!" ይላል። ያን ጊዜ ፊቱን ተመልከቱ፤ ማንም ያልነገረውን ነገር አነበበ ማለት ነው።

በነዚያው በአራቱ ፊደላት "በላ"፣ "ሳለ"፣ "ከሳ"፣ "ለበሰ" የሚሉ ቃላት ይጻፋሉ። ስለዚህ ገበታው እስኪያልቅ ሳትጠብቁ ቃል አስነብቡት። እንደ "መ" እና "ረ" ያሉትን፣ ቅርጻቸው ከሥርዓቱ የሚወጣውን፣ ወደኋላ አቆዩ። "ሀ፣ ሐ፣ ኀ" ወይም "ሰ፣ ሠ" ዓይነቶቹን አንድ ድምፅ ያላቸውን ደግሞ መጀመሪያ አንዱን ብቻ አስተምሩ፣ ማንበብ ከጀመረ በኋላ ወንድሞቹን ታሳዩታላችሁ።

ቁጥርስ? ቁጥር ምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚማሩት። ልጅቷን "ለምሳ ማንኪያ አቅርቢ" በሏት። አንድ ማንኪያ ለአባ፣ አንድ ለእማ፣ አንድ ለወንድሟ፣ አንድ ለራሷ እያለች ትደረድራለች። ስትጨርስ "ስንት ሆኑ?" ብላችሁ ጠይቁ። ትቆጥራለች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እንደገና "እሺ፣ ስንት ናቸው?" ብትሏት ብዙ ትንንሽ ልጆች "አራት" ብለው አይመልሱም፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። የመጨረሻዋ ቁጥር የሁሉንም ብዛት እንደምትናገር ገና አልገባቸውም። ይሄ ችግር አይደለም፣ ደረጃ ነው። በየቀኑ ማንኪያ እያቀረበች አንድ ቀን ቀጥ ብላ "አራት" ትላችኋለች። ያኔ "አንድ እንግዳ ቢመጣስ?" ብሎ መደመር መጀመር ይቻላል።

የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ (1896–1980 እ.ኤ.አ.) ያሳየውንም እዛው ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሁለት ረድፍ እኩል ጠጠር ደርድሩ፣ ከዛ አንዱን ረድፍ ዘርጋ ዘርጋ አድርጉት። የ4 ወይም የ5 ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የተዘረጋው በዝቷል ይላል። አትከራከሩት። ይቁጠር፣ ይሰብስበው፣ መልሶ ይዘርጋው። ጊዜው ሲደርስ ይገባዋል እንጂ በክርክር አይገባውም።

ጽሕፈት ላይ አትቸኩሉ። እርሳስ የሚይዘው የጣት ጉልበት ነው፣ ጉልበቱ ደግሞ ከሌላ ሥራ ይመጣል፦ ከመቀስ፣ ከሊጥ፣ ከጭቃ፣ ልብስ መቆንጠጫ ከመጫን፣ የሸሚዝ ቁልፍ ከመቆለፍ። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የትምህርት ሰው ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ "የሕፃናት ቤት" ያለችውን የመጀመሪያውን ትምህርት ቤቷን ስትከፍት ልጆቹ ውሃ ከማንቆርቆሪያ ይቀዱ፣ ጠረጴዛ ይጠርጉ፣ ቁልፍ ይቆልፉ ነበር። ይሄ እጅን ያሠለጥናል፣ ትኩረትንም ያስለምዳል።

ተረት ካነበባችሁለት በኋላ ጥያቄ አትደርድሩበት። "እስቲ ንገረኝ" በሉት ብቻ። ምን እንደያዘ፣ ምን እንዳመለጠው፣ ምን እንደወደደ ከአፉ ትሰማላችሁ። ለዚህ ዕድሜ ከየትኛውም ፈተና የተሻለ መለኪያ ይሄ ነው።

ሕፃን ካለ፣ ወይም ዕድሜያቸው የተራራቀ ከሆነ

ቤት ማስተማርን የሚያከብደው ብዙውን ጊዜ የሚማረው ልጅ ሳይሆን የማይማረው ነው። ታላቁን ለማስተማር ስትቀመጡ የ2 ዓመቷ መጽሐፉ ላይ ትወጣለች። ምን ይደረግ? መጀመሪያ እሷን አጥግቡ። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ በሙሉ የሷ ይሁን፤ ስልክ ሳትነኩ፣ ወለል ላይ ተቀምጣችሁ፣ የምትለውን እየሰማችሁ። የጠገበች ልጅ ትንሽ ትለቃችኋለች። ከዛ በትምህርት ሰዓት ብቻ የሚከፈት ካርቶን አዘጋጁላት። ውስጡ ውድ ነገር አያስፈልገውም፤ ክዳን ያላቸው ባዶ ጣሳዎች፣ ትልልቅ ቁልፎች፣ ጨርቅ፣ የድሮ መጽሔት። ዋናው ነገር ትምህርቱ ሲያልቅ መዘጋቱና ከዓይን መራቁ ነው። ቀኑን ሙሉ ከተከፈተ ይሰለቻል።

የቀን እንቅልፍ የምትተኛ ከሆነ ደግሞ ከባዱን ትምህርት፣ ማለትም ፊደልና ቁጥርን፣ ለዛች ሰዓት አቆዩት። ተራውን የሕፃኗ እንቅልፍ ይወስነው። ሁለት ሦስት የሚማሩ ልጆች ካሉ ተረትና ስለ ዓለም የምታወሩትን ሁሉ አንድ ላይ አድርጉት፣ ፊደልና ሒሳብን ብቻ ለየብቻ። አንዱን ስታስተምሩ ሌላው ለታናሹ ያንብብለት። ለታናሽ ማንበብ ገና እያነበበ ላለ ልጅ ትልቅ ልምምድ ነው፤ የሚያርመው ሰው አጠገቡ ስለሌለ ሳይሳቀቅ ያነባል።

የቤት ሥራው አይቆምም

ቤት የሚያስተምር ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ስለሚውል ቤቱም ቀኑን ሙሉ ይዝረከረካል። ልጆቹ ሲተኙ ብቻዬን አጸዳለሁ ብላችሁ ካሰባችሁ ብዙም አትዘልቁም። ሥራውን ተራው ውስጥ አስገቡት። ከቁርስ በኋላ ሁሉም ዕቃ ያነሳል፣ ከምሳ በፊት ሁሉም መጫወቻ ይሰበስባል። የታጠበ ልብስ ሲታጠፍ ካልሲ ማጣመር የ4 ዓመት ልጅ ሥራ ነው፤ ተመሳሳዩን መለየት ደግሞ ራሱ ሒሳብ ነው። ማንበብ የጀመረው ልጅ የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር ያንብብ። ሥራው እንደ እናንተ አይጠራም፤ እሱ ዞር ሳይል መልሳችሁ አትሥሩት። ያጠፈውን ፎጣ እሱ እያየ ዘርግታችሁ እንደገና ካጠፋችሁት ነገ እጁን አይዘረጋም።

እንቢ ሲል

አንዳንድ ቀን ልጁ ያለቅሳል፣ እርሳሱን ይወረውራል፣ "አልፈልግም" ይላል። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገር አጣሩ፦ ርቦት ነው? ደክሞት ነው? ወይስ ትምህርቱ ከብዶት ነው? ርቦት ከሆነ አብሉት፣ ደክሞት ከሆነ ተዉት። ከብዶት ከሆነ አጥብቆ የሚያውቀውን አንድ ነገር ጠይቁት፣ ይመልስ፣ "ጎበዝ" በሉትና ዝጉት። በለቅሶ የተዘጋ መጽሐፍ በማግስቱም በለቅሶ ይከፈታል። ሳምንት ሙሉ በአንድ ነገር ላይ እንቢ ካለ ግን ትምህርቱን ለተወሰነ ጊዜ ገለል አድርጋችሁ በሌላ ቀይሩት። እናንተም ከተቆጣችሁ ተነሱ። አስተማሪ ከመሆናችሁ በፊት ወላጅ ናችሁ፤ ማታ አቅፎ የሚያስተኛው ሌላ ሰው የለም።

ውጪና እንቅልፍ

ከተራው ውስጥ ምንም ቢጎድል ውጪ መውጣት አይጉደል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኙ፣ ስክሪን ፊት ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጡ ይመክራል፤ ስክሪኑ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። 180 ደቂቃ ሲባል ይበዛ ይመስላል። ግን በአንድ ጊዜ አይደለም፣ ጠዋት ትንሽ፣ ከምሳ በፊት ትንሽ፣ አመሻሽ ላይ ትንሽ። ስክሪንን ለሽልማትም ሆነ ለቅጣት አታድርጉት፤ እሱም እንደሌላው ተራ ይኑረው፣ ለምሳሌ እናንተ እራት ስትሠሩ። ተራው ካልደረሰ የለም፣ ካለፈም አለፈ።

የናንተ ሰዓት

ከምሳ በኋላ የጸጥታ ሰዓት ይኑር ያልኩት ለልጆቹ ብቻ አይደለም። የቀን እንቅልፍ ያቆመ ልጅም ቢሆን በየራሱ ቦታ፣ ከመጽሐፍ ወይም ከጸጥተኛ መጫወቻ ጋር ብቻውን ይቀመጥ። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት አትጠይቁት። በአሥር ደቂቃ ጀምሩ፣ ሲለምድ እየጨመራችሁ ሂዱ። በዛች ሰዓት ልብስ አትጠቡ፣ ዕቃ አትጠቡ። ተቀመጡ።

ከሥራ አምሽቶ የሚገባ አባት ወይም እናት ካለ የማታውን ተረት እሱ ወይም እሷ ያንብቡ። በዚህም ትምህርቱ የአንድ ሰው ሸክም አይሆንም፣ ልጆቹም ሁለቱም ወላጆች እንደሚያስተምሯቸው ያውቃሉ። በሳምንት አንድ ምሽት ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አውሩ፦ የቱ ልጅ ምን ላይ ነው፣ ምን ከበደው፣ በሚመጣው ሳምንት ምን እንሞክር። ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ዘመድም ይጠይቃል። "ይሄ ልጅ መቼ ነው ትምህርት ቤት የሚገባው?" አያቱ እንግዳ ፊት "እስቲ አንብብልኝ" ትለዋለች፣ ልጁ ይደነግጣል፣ አንድም ነገር አያነብም። ከመከራከር ይልቅ አያትየዋን ተራው ውስጥ አስገቧት። በሳምንት አንድ ቀን ተረት ትንገረው፣ እሱም ደግሞ መልሶ ይንገራት። ልጁን በሥራ መሀል ያየ ዘመድ ጥያቄው ይቀንሳል። የጓደኛ ነገርም ያው ነው፤ ከሌሎች ልጆች ጋር የሚገናኝበት ቋሚ ቀን ይኑር፣ "ሲመቸን እንገናኝ" ከተባለ ግን አይመችም።

ሲበላሽ

አንድ ሰው ታሞ፣ እንግዳ መጥቶ ወይም ሕፃኗ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አድራ ተራው ሊፈርስ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነት ቀን ሁለት ነገር ብቻ ያዙ፦ አንድ ተረትና ትንሽ ውጪ መውጣት። ሌላው ይቅር፣ ማካካሻ ተብሎም በማግስቱ እጥፍ አይደረግ። ብዙ ቀን ካለፈ ልጁ የተወሰነውን መርሳቱ አይቀርም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው ያጠናነውን ነገር ቶሎ እንረሳለን፣ ደግመን ስናጠናው ግን ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ እንይዘዋለን። ስለዚህ ስትመለሱ ካቆማችሁበት ገጽ አትቀጥሉ። ሁለት ሦስት ገጽ ወደኋላ ሂዱና ልጁ በደንብ ከሚያውቀው ጀምሩ።